አሸዋ ላይ ያደረው ማዳበሪያ፦ የደቻቱ ጽዳትና የሰፈር በዓል የጉዳይ ጥናት

መነሻው

ይህ ጽሑፍ ድሬዳዋ ውስጥ ደቻቱ ዳር ባለ አንድ ሰፈር በተከታታይ ሁለት ጊዜ የተደረገን የወንዝ ጽዳትና የሰፈር በዓል ይመዘግባል። ሰዎቹም ሰፈሩም በስም አልተጠቀሱም። የመጀመሪያው ዙር ሚያዝያ ውስጥ፣ ሁለተኛው በዓመቱ ሰኔ ላይ ነበር። ሁለቱንም ያዘጋጁት የሰፈሩ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች፣ አንድ የሴቶች አፎቻ (እንደ እድር ያለ የሰፈር መረዳጃ ማኅበር) እና ከወንዙ አሸዋ ጭነው የሚያድሩ ሠራተኞች ናቸው። ለመጻፍ ያበቃው የመጀመሪያው ዙር ነው። ያን ቀን በርካታ ሰው ወጣ፣ ብዙ ቆሻሻ ተሰበሰበ፣ ፎቶውም ያምር ነበር። በማግስቱ ግን ወንዙ ከበፊቱ ብሶ ተገኘ።

ደቻቱ ምን ዓይነት ወንዝ ነው

ደቻቱን የማያውቅ ሰው «የወንዝ ጽዳት» ሲባል ጀልባና መረብ ይታየው ይሆናል። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ከዚራና መጋላ በተባሉት በከተማው ሁለት ክፍሎች መካከል ያልፋል። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ አህያ አሸዋ ይጫንበታል፣ ሰው ከወዲያ ወዲህ በእግሩ ይሻገረዋል። ውሃው የሚመጣው ከደቡብ፣ ከደንገጎ በኩል ካለው ተራራ ነው። ባሕርም አይደርስም፤ ወደ ሰሜን ወርዶ በረሃው ውስጥ ይሰርጋል።

ለጽዳት ሥራ ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ጎርፉ ከተማው ላይ አንድ ጠብታ ሳይወርድ ሊመጣ ይችላል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ሰው በተኛበት የደረሰው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ከዚያ በኋላ የዳር ግንብ ቢሠራም የወንዙ ጠባይ ያው ነው። ሁለተኛ፣ ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። አሸዋው ላይ የተጣለ ነገር በከፊል በጎርፍ ይሄዳል፣ በከፊል ደግሞ እዚያው እየበሰበሰ ወደ ታች ይሰርጋል።

የዝናቡም ነገር አለ። ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ የበልግ ዝናብ ይጥላል፣ ሰኔ በአብዛኛው ደረቅና ሞቃት ነው፣ ዋናው ዝናብ ሐምሌና ነሐሴ ነው። በመጀመሪያው ዙር ቀን የመረጡት ሰዎች ይህን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ያዩት የትምህርት ቤት ካላንደር ነበር።

የመጀመሪያው ዙር

እሑድ ጠዋት 200 ያህል ሰው ወጣ። የተዘጋጀው ጓንት 60 ጥንድ ነው፣ እሱም ሐኪም ቤት የሚታየው ስስ ጓንት። ከገንዘቡ ግማሽ ያህሉ ለቲሸርትና ለባነር ወጥቷል። ንግግሩ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ቆየ። ሥራ ሲጀመር ፀሐዩ ወጥቷል፤ 4 ሰዓት ላይ አሸዋው በጫማ ውስጥ ይሰማ ነበር። እንዲያም ሆኖ እስከ 5 ሰዓት 310 ማዳበሪያ ሞላ።

መኪናው በ5 ሰዓት ይመጣል ተብሎ ቃል ተገብቶ ነበር። አልመጣም። ሦስት የአህያ ጋሪ ተለምኖ 38 ማዳበሪያ ተነሣ። 272ቱ በግንቡ ሥር፣ አሸዋው ላይ፣ አፋቸው ታስሮ ተደረደሩ። ከአሸዋ ጫኞቹ አንድ ሽማግሌ አስተባባሪውን ጠርተው፣ «ልጄ፣ ይሄን እዚህ ልታሳድሩት ነው? ደንገጎን አላየኸውም?» አሉት። «አባባ፣ መኪናው መንገድ ላይ ነው ተብለናል፤» አላቸው። ከሰዓት በኋላ በዓሉ ተጀመረ፣ ሙዚቃው ተከፈተ፣ ማዳበሪያው ተረሳ።

ማታ 3 ሰዓት ገደማ ደራሽ ጎርፍ መጣ። ትልቅ አልነበረም፤ ጉልበት ቢደርስ ነው። 272 ማዳበሪያ ለመውሰድ ግን በቂ ነው። ጠዋት ሲታይ ገሚሱ ተቀድዶ ተበትኗል። ሌላው እንደታሰረ ሄዶ ከታች ባለ መሻገሪያ ሥር ሁለት የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ ወትፏል። ፌስታል ለብቻው ቢሆን በቱቦው ያልፍ ነበር። ታስሮ የተጠቀጠቀ ማዳበሪያ ግን ቡሽ ማለት ነው። ጎርፉ የቱቦውን አፍ ትቶ በጎን ዞረና የመሻገሪያውን ጠርዝ ቦረቦረ። ቱቦውን ለመክፈት አምስት ሰው አንድ ቀን ሙሉ በዶማና በመንጠቆ ሠራ።

ስህተቱ የት ነበር

በግምገማው ላይ ብዙው ሰው መኪናውን ላክን ብለው ባልላኩት ላይ ጮኸ። ቢጮህም ይገባዋል። ሆኖም ችግሩ ከመኪናው መቅረት በፊት የጀመረ ነው። ዕቅዱ የተሠራው ከሰው ብዛት ተነሥቶ ነበር፤ መነሣት የነበረበት ግን ከመጫኛው ነው። ስንት ማዳበሪያ እንደሚነሣ ሳይታወቅ ስንት ማዳበሪያ እንደሚሞላ መወሰን አይቻልም።

ለሁለተኛው ዙር የተሠራው ስሌት ይህ ነው። አንድ አይሱዙ ገልባጭ በልክ የተሞላ 110 ማዳበሪያ ይይዛል። ጭነቱ፣ ወደ ማስወገጃው የሚወስደው መንገድ፣ ማራገፉና መመለሱ ተደምሮ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይፈጃል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ከሩብ ባለው ጊዜ ሦስት ጉዞ ይሆናል፤ 330 ማዳበሪያ ማለት ነው። ሁለት ሰው አንድ ላይ ሆኖ፣ አንዱ ሲይዝ አንዱ ሲከት፣ በሰዓት 3 ማዳበሪያ ይሞላል። በሁለት ሰዓት ተኩል ሥራ 7 ወይም 8 ነው። ስለዚህ ለአንድ መኪና 44 ጥንድ፣ 88 ሰው ይበቃል። 200 ሰው አሸዋው ላይ ማሰማራት ቆሻሻ ከማንሣት ይልቅ መከመር ነው። የተረፈው ሰው በወንፊት፣ በቦይ ጠረጋ፣ በውሃ ማደል፣ በቆጠራና በጥበቃ ተመደበ።

የመኪናው ክፍያም ተቀየረ። ግማሹ መኪናው 12 ሰዓት ላይ ቦታው ሲገኝ፣ ግማሹ ሦስተኛው ጉዞ ተራግፎ ሲመለስ ይከፈላል። ለዚህ የሚሆነው ገንዘብ የተገኘው ቲሸርቱን በመተው ነው።

ቆሻሻው ከየት ይመጣል

ከሁለተኛው ዙር ሦስት ሳምንት በፊት አራት ልጆች ኖራና ደብተር ይዘው 1.2 ኪሎ ሜትር ያህል ወንዙን በእግር ሄዱበት። አንድ ጊዜ ጠዋት፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ማታ ከ1 እስከ 3 ሰዓት። የማታው ጉዞ ብዙ አስተማረ። ቀን ሲታይ ቆሻሻው በሙሉ ወንዙ ላይ የተዘራ ይመስላል። ማታ ግን ሰባት ቦታ ብቻ እንደሚጣል ታየ፤ ሦስቱ የቦይ አፎች፣ ሁለቱ ጫት የሚሸጥባቸው ጥጎች፣ አንዱ የግንቡ መወጣጫ፣ አንዱ ደግሞ ሞልቶ የማይነሣ ገንዳ አጠገብ።

መወጣጫው ላይ የሚጥሉት የጋሪ ልጆች ነበሩ። በየቤቱ እየዞሩ በትንሽ ገንዘብ ቆሻሻ ይቀበላሉ፤ ገንዳው ሲሞላባቸው ወደ ወንዙ ይገለብጡታል። ልጆቹን መስደብ ቀላል ነው። ገንዳው በየስንት ቀኑ እንደሚነሣ መጠየቅ ግን የበለጠ ይጠቅማል። ሲጠየቅ ማክሰኞና ዓርብ ሆኖ ተገኘ። ጋሪዎቹ የሚሠሩት ቅዳሜና እሑድ ነው። የሥራ ቀናቸው ወደ ሰኞና ሐሙስ ሲዞር የመወጣጫው ክምር በአንድ ወር ውስጥ ከግማሽ በታች ወረደ። ከጠቅላላ ሥራው ምንም ያልተከፈለበት ውጤት ይህ ብቻ ነው።

መሣሪያውና ወንፊቱ

ስሱ ጓንት ቀርቶ የግንበኛ ጓንት ተገዛ። አሸዋው ውስጥ ምላጭ፣ የጠርሙስ ስባሪና አልፎ አልፎ መርፌ አለ። ለመልቀሚያ ባለ 8 ፌሮ በ70 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ ጫፉ እንደ መንጠቆ ታጠፈ፤ እጀታው በአሮጌ ከመነዳሪ (የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ) ተጠቀለለ። ይህ መንጠቆ ሰው እንዳያጎነብስ ያደርጋል፤ እጅን ከማያዩት ነገርም ያርቃል። ክፍት ጫማ ያደረገ ሰው አሸዋው ላይ አልወረደም። ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆችም ከግንቡ በላይ ሆነው የሚወጣውን ማዳበሪያ ቆጠሩ።

ትልቁ ለውጥ ግን የወንፊቱ ነው። በመጀመሪያው ዙር በአካፋ የተሞላ ማዳበሪያ ሲመዘን በግማሹ እንኳ 45 ኪሎ ደርሶ ነበር፤ ሁለት ጎልማሳ ያቃስታል። ውስጡ በአብዛኛው አሸዋ ነው። መኪና ተከራይቶ የወንዙን አሸዋ ወደ ቆሻሻ መጣያ ማመላለስ ማለት ነው። ይህን ያረሙት አሸዋ ጫኞቹ ናቸው። 1 ሜትር በ1.5 ሜትር በሆነ የእንጨት ፍሬም ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ሽቦ ወጠሩና ወደ ኋላ ጋደል አድርገው በሁለት እንጨት ደገፉት። አንዱ ሰው ክምሩን በአካፋ ወደ ላይኛው ክፍል ይወረውራል። አሸዋው በቀዳዳው አልፎ ከኋላ ይወድቃል፣ ፌስታሉና ጨርቁ በፊት ለፊት ተንሸራቶ ይወርዳል፣ ሌላው ሰው ያን ይለቅማል። በዚህ መንገድ ሙሉ ማዳበሪያ ከ12 እስከ 15 ኪሎ መዘነ።

ወንፊት የሚሠራው አሸዋው ሲደርቅ ብቻ ነው። እርጥብ ከሆነ ቀዳዳው ይደፈናል፤ በየአምስት አካፋው መምታት ያስፈልጋል። የተቆራረጠ ደቃቅ ፕላስቲክም ከአሸዋው ጋር ያልፋል። ለእሱ መፍትሔ አልተገኘለትም።

ሰው የተጸዳዳበት ቦታ ተለይቶ በኖራ ተሸፈነ፤ በእጅ አልተነካም። መሣሪያው ሲመለስ 5 በመቶ የሆነ በረኪና፣ 1 እጅ በረኪና ለ9 እጅ ውሃ ተደርጎ 10 ደቂቃ ተነከረ። እጅ ግን በሳሙናና በውሃ ነው የታጠበው፤ ይህን ያህል የወፈረ በረኪና ቆዳ ያቃጥላል።

ገረባ

የድሬዳዋን ወንዝ ከሌላው የሚለየው ገረባው ነው። ከበርጫ፣ ማለትም ከጫት መቃሚያው፣ የተረፈው የጫት ግንድና ቅጠል ደርቆ ሲታይ ቀላል ነው፤ ውሃ ሲነካው ግን ይተሳሰርና እንደ ምንጣፍ የቦይ አፍ ላይ ይነጠፋል። ፌስታል እሱ ላይ ይለጠፋል፣ ደለል ፌስታሉ ላይ ይቀመጣል። የተወተፈ ቦይ ሲከፈት ሥሩ ብዙ ጊዜ ገረባ ነው።

ፍየል ገረባ ትወዳለች። ስለዚህ ከሁለቱ የጫት ጥጎች የወጣው ከመኪናው ተለይቶ ለፍየል አርቢዎች እንዲሰጥ ታሰበ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ የመጀመሪያው ጭነት ግን ተመልሶ መጣ። አንዷ እናት ማዳበሪያውን ዘርግፈው፣ «ልጆቼ፣ ይሄን ፌስታል ፍየሌ ብትውጠው ሆዷ ውስጥ ይቀራል፣ ማን ይከፍለኛል?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ፌስታል በሆዷ የተጠራቀመባት ፍየል ጠግባ እየመሰለች ከስታ ትሞታለች። ከወንዝ የወጣ ገረባ ለፍየል መስጠት ቀረ። ይልቅ ጫት ሻጮቹ አጠገብ ሁለት ክፍት በርሜል ተቀመጠ። ገረባው መሬት ሳይነካ፣ ፌስታል ሳይገባበት፣ ማታ ማታ አርቢዎቹ ራሳቸው ይወስዱታል። አንዱ በርሜል እስከ ዛሬ ይሠራል። ሌላው በሁለት ሳምንቱ ተሰረቀ፤ ድሬ ውስጥ ባዶ በርሜል ብዙ አይቆይም።

ጎርፍ ጠባቂው

በሁለተኛው ዙር አንድ ሰው ሥራው ደቡብን ማየት ብቻ ነበር። ፊሽካ ይዞ ግንቡ ላይ ተቀመጠ፤ ከላይ ካሉ ሁለት ሰዎች ጋር በየግማሽ ሰዓቱ ይደዋወላል። ደንብ የሆነው ይህ ነው፦ ሦስት ረጅም ፊሽካ ከተሰማ ማዳበሪያም መንጠቆም ጥሎ መውጣት፤ ወደ ቤት አቅጣጫ ሳይሆን ወደ ቅርቡ ዳር። ሰው ሲደነግጥ ወደ ሰፈሩ ይሮጣል። ሰፈሩ ከወዲያ ከሆነ ወንዙን ሊያቋርጥ ነው።

ግንቡ ደግሞ በየቦታው አይወጣም። መወጣጫዎቹ በኖራ ቀስት ተመለከቱ፤ ማንም ቡድን ከአንዱ መወጣጫ ከ100 ሜትር በላይ እንዳይርቅ ተደረገ። ሥራው ሳይጀመር አንድ ጊዜ ልምምድ ተደርጎ ሁሉም ለመውጣት 3 ደቂቃ ፈጀ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲሞከር ከ2 ደቂቃ በታች ሆነ። የዘገዩት ማዳበሪያ ይዘው ለመውጣት የሞከሩት ነበሩ።

በዓሉ

የመጀመሪያው በዓል ራሱ ቆሻሻ አምጪ ነበር። ሃይላንድ፣ የፕላስቲክ ኩባያና ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ የተጠቀለለበት ወረቀት ማታ ወንዙ ዳር ቀረ። በሁለተኛው ጊዜ በዓሉ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ፣ ከአሸዋው ላይ ሳይሆን ከግንቡ በላይ ባለው መንገድ ላይ ተደረገ። ንግግሩም ወደዚያ ተዛወረ፤ ጥላ ሥር ስለሆነ ቢረዝምም ጉዳት አልነበረውም።

ኩባያና ሳህኑ ከአፎቻው መጣ። አፎቻዎች ለለቅሶና ለሠርግ የሚያውሉት ዕቃና ድንኳን አላቸው፤ ብዙ አዘጋጅ ይህን ረስቶ የሚጣል ኩባያ ይገዛል። 120 ኩባያ በሦስት ሳፋ ታጠበ፦ አንዱ ሳሙና፣ አንዱ ንጹህ ውሃ፣ ሦስተኛው በ10 ሊትር ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ በረኪና። ባለ 500 ሊትር ሮቶ ቆሞ ሃይላንድ መሸጥ ቀረ። ለጠዋት ሠራተኞች ፈጢራ (ስስ ቂጣ) እና ፉል በሳህን ቀረበ፤ የመጣው ሰው ሳህኑን ሳይመልስ ሻይ አያገኝም። ይህቺን ዘዴ ያመጡት የአፎቻዋ ሊቀመንበር ናቸው፤ ከ120 ኩባያ የጎደለው 2 ብቻ ነው።

ከጽዳቱ የወጣው ሃይላንድ ክዳኑ ተነቅሎ፣ ተጨፍልቆ 41 ኪሎ ሆነ፤ ለቆራሌው ተሸጦ ለቀጣዩ ዙር ጓንት ተገዛበት። አሸዋ የገባበትንና ሽንት ያለበትን ቆራሌው አይቀበልም። ይህ ቀድሞ ካልተነገረ ለቃሚው ሁሉንም አንድ ላይ ከቶ ጠቅላላው ይመለሳል።

ያልሠራው ፍርግርግ

ከሦስቱ የቦይ አፎች በአንዱ ላይ ቆሻሻ እንዲይዝ የዶሮ ሽቦ ተወጠረ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ገረባው በአሥር ደቂቃ ደፈነው፤ ቦዩ ወደ ኋላ ተመልሶ የአንድ ሱቅ ወለል ላይ ውሃ ገባ። ባለ ሱቁ በዚያው ሌሊት በፒንሳ ቆርጦ ጣለው። መብቱ ነው።

በምትኩ ባለ 12 ፌሮ በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ቀጥ ብሎ ተበየደ። ሦስት ነገር ተስተካከለ። ዘንጎቹ ወደ ውሃው መውረጃ ጋደል ስላሉ ቆሻሻው ተገፍቶ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ አፉ ላይ አይጠቀጠቅም። ከቦዩ ቁመት የላይኛው ሲሶ ክፍት ስለተተወ ሥሩ ቢደፈን እንኳ ውሃው በላዩ ያልፋል። ፍርግርጉ በማጠፊያ ስለተሠራ ሐምሌ ሲገባ ይነሣል። በበልግና በሰኔ ይጠቅማል፤ በክረምት ግን በየቀኑ የሚጠርግ ሰው ከሌለ ባይኖር ይሻላል።

ከወራት በኋላ

መስከረም ላይ ያው አራት ልጆች ያው መንገድ ሄዱ። ከሰባቱ ቦታዎች መወጣጫውና በርሜል ያለው የጫት ጥግ ንጹህ ሆነው ተገኙ። ፍርግርግ ያለበት ቦይ መካከለኛ ነበር። አራቱ ግን ወደ ድሮው ተመልሰዋል፤ ከእነሱ ውስጥ ገንዳው አጠገብ ያለው ብሷል። የተለወጡት ሰው በየሳምንቱ የሚያደርገው ነገር የተለወጠባቸው ቦታዎች ናቸው። በመንጠቆና በወንፊት ብቻ የጸዱት በሁለት ወር ውስጥ ሞሉ።

ለሌላ ሰፈር

ጎሮ ወንዝ ዳር ላለ ሰፈር ይህ ሁሉ ሳይለወጥ ይሠራል። ሐረር ውስጥ ግን ስሌቱ ሌላ ነው። በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ በጀጎል፣ ጠባብ መንገዶች አይሱዙ አይገባም፤ መነሻው አህያ ነው። አንድ አህያ ቀለል ያለ 2 ማዳበሪያ ይዛ ከበሩ ውጭ ወደ ቆመው መኪና ትመላለሳለች። አንድ ምልልስ 20 ደቂቃ ከፈጀ በሦስት ሰዓት 18 ማዳበሪያ ነው። 10 አህያ ካለ 180፣ እሱም ለ24 ጥንድ ሰው የሚበቃ ሥራ ነው። አህዮቹ ከተገኙ በኋላ ነው ሰው የሚጠራው።

ቀን ሲመረጥ ዝናቡና የገንዳው መነሻ ቀን ይታዩ። ሁለተኛው ዙር ሰኞ ጠዋት ላይ ቢሆን ኖሮ ማክሰኞ ገንዳው ስለሚነሣ የቦይ ጠራጊዎቹ ደለል ቦታ ያገኝ ነበር። እሑድ ስለሆነ 60 ማዳበሪያ ደለል ሁለት ቀን ግንቡ ላይ ቆየ። ግንቡ ላይ ነው፤ አሸዋው ላይ አይደለም። ሽማግሌው ማታ መጥተው አንድ በአንድ ቆጥረው፣ ከታች የቀረ አለመኖሩን አይተው ነው ወደ ቤታቸው የሄዱት።